ሆድ የምታየዋ ዓሣ ጠቋሚ

ናበጋ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም አገኘሁሽ አለኸኝ፣
ሐዋሳ

ሰላምታዬ እንደ ሹፌሩ ሰውመሆን መኪና ጭነት ከባድ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ ተቀበይው። እኔ ደኅና ነኝ። እማየም ደኅና ናት። አባየም ከእኔ በቀር የሚያማቸው ነገር የለም። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃው ግንባሩ እንደ አንቺ ሰፊ ስለሆነ በስምሽ ልንጠራው ነበር፣ ወንድ ሆነብን እንጂ።

ስልኬን ብታነሺው ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባልባከነ። አንቺ ግን ከስምንተኛ ክፍል ያመለጠ ሰው የሚፈልገውን በጽሑፍ ያቅርብ፣ ካልጻፈ መርፌ እንኳ አልገዛለትም ብለሽ በሰውመሆን በኩል አዋጅ አስነገርሽ። ሰውመሆን እንደምታውቂው የፎገራን ሩዝ ወደ ሐዋሳ ሲጭን አንድ ጆንያ ሊረሳ ይችላል፣ ወሬ ግን አይረሳም። አዋጁን ወረታ መናኸሪያ መሐል ቆሞ ነው የነገረኝ። አሁን የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ደብዳቤው የት ደረሰ እያለ ያበሽቀኛል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ምን ያደርግልሃል፣ ዓይን የለህም ወይ ብለሻል። ዓይንማ አለኝ፣ ግን የእኛ ዳር ውኃ እንደ ጠላ ድፍርስ ነው። ዘንድሮ መረባችን ወይ በሰጠመ ግንድ ተቀዶ ይወጣል፣ ወይ እንቦጭ አረም ተሸክሞ ይወጣል። አባየ መረብ ሲጠግኑ ውለው ማታ ጣታቸው አልታጠፍ ይላል። ባለፈው እሑድ ቁርጡን ነገሩን። ዓሣ የሚሸጠው በዐቢይ ጾም ነው፤ እኛ የምንጾመውን አዲስ አበባ ይበላዋል። ጀልባዋ እስከ ሆሣዕና ድረስ ለራሷ መሟገቻ የሚሆን ዓሣ ካላመጣች ለአያ እንዳልካቸው ትሸጣለች።

አያ እንዳልካቸውን አትረሻቸውም። የጊዮርጊስ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን ናቸው፣ ጾም ፈታ የተባለ ሰው ቤት ድረስ ሄደው የሚገሥጹት። በጀልባዋ ሣር ሊያመላልሱባት ነው። እኔ ደግሞ አንበሳሜ አጎታችን ወፍጮ ቤት ልላክ ነው። እስቲ አስቢው፣ እኔ እስከ ቅንድቤ በዱቄት ነጥቼ፣ ከሐይቁ ርቄ፣ ከወረታም ርቄ።

መሣሪያዋን ባሕር ዳር አንድ የሽርሽር ጀልባ ላይ አይቻታለሁ። ከውኃው በታች ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚዋኝ፣ በትንሽ መስኮት ታሳያለች። ርካሿን ፈልጊልኝ። ዕዳዬን በሩዝ እከፍላለሁ።

እግረ መንገድሽን የሴት ነጠላ ጫማ ቁጥር 37 ጨምሪበት። ቀይ ቢሆን አይከፋም። ለምን ብለሽ አትጠይቂ።

ከማረስ መጻፍ የከበደው ወንድምሽ
አዛናው


ሐዋሳ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዛናው፣

ስለ ግንባሬ ስላሰብክ አመሰግናለሁ፣ ደኅና ነው። ደብዳቤህን ለመስከረም አነበብኩላት። መስከረም ፋብሪካው ውስጥ ከጎኔ የምትሰፋ ጓደኛዬ ናት። ስትስቅ እጅጌውን ከኪሱ ጋር ሰፋችው። አለቃችን ሲመጣ አዲስ ፋሽን ነው አልነው።

ዕድልህ ነው፣ የመስከረም ባል እዚህ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ያቺን መሣሪያ ከያዛት ቆይቷል። በዕረፍቴ ቀን እሱን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የመጀመሪያዋ ነጭ ኳስ ናት። በሲባጎ አስረህ ትወረውራታለህ፣ ያየችውን ወደ ስልክህ ትልካለች። ዋጋዋ ደኅና ነው፣ እኔም ወደድኳት። እሱ ግን የወንድምሽ ስልክ ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀኝ፣ መልሼ አስቀመጥኳት። ሌላዋ ባለቀለም ሰፊ መስኮት አላት፣ የሄድክበትን መንገድ ሁሉ ታስታውሳለች። የመኪና ባትሪ ትፈልጋለች። ለእሷ ደግሞ ጀልባዋን ራሷን መሸጥ ሊኖርብን ነው። አንዲት መዳፍ የምታህል ነበረች፣ ሽቦ ያላት፤ የሽቦው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ አለ፣ እሱን ውኃ ላይ ትጥለዋለህ። በትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ከእኔ የወር ደመወዝ ታንሳለች። ሻጩ መቶ ሜትር ታያለች እያለ ሲምል የመስከረም ባል ጆሮዬ ላይ፣ መቶ ሜትር ለሌለው ሐይቅ የመቶ ሜትር ዋጋ አትክፈዪ አለኝ።

ስለዚህ ሳልገዛ ተመለስኩ። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፦ እናንተ የምታጠምዱበት ውኃ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? ስልክህ ምስል ያሳያል? ፀሐዩ ላይ ነው የምትሠሩት ወይስ ጥላ አላችሁ?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የእማየ ጫማ 39 ነው። የእኔ 40 ነው፣ ብታስታውስ በእሱ ተመትተህ ነው ያደግከው። 37 የማን ነው?

እኅትህ
አገኘሁሽ


ናበጋ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

በሰውመሆን መኪና ላይ ካለው ሩዝ አንዱ ቁና የአንቺ ነው፣ እማየ ናት የላከችው። አንዱን እፍኝ እኔ ሰርቄ በልቼዋለሁ፣ ጥሬውን። በጥሬው የሚበሉት እናንተ ሐዋሳዎች ብቻ እንዳልሆናችሁ ለማሳየት ነው። እናንተ ግን ዓሣውን ነው አሉ። እማየ ይህን ስትሰማ ልጄን ምን እያበሏት ነው ብላ ሌሊቱን አልተኛችም። እኔ ነኝ የነገርኳት።

ጥልቀቱን ለመለካት ድንጋይ በገመድ አስሬ ወጣሁ። ዳሩ ላይ እስከ ደረቴ ነው። ራቅ ስንል ከአባየ ቁመት ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ፈለግሁ፣ አባየ ግን ሣር ቆራጭ ልትሆን ለደረሰች ጀልባ ይህን ያህል መቅዘፍ ምን ያደርጋል አሉኝ። እንደዚህ ነው የሚያወሩት እንግዲህ፣ እንደ ሟች።

ስልኬ ይሰማል እንጂ አያሳይም። ጥምቀት ዕለት ከእኔ ጋር አብሮ ተጠመቀ፣ እኔ ደረቅሁ፣ እሱ አልደረቀም። ጥላም የለንም፤ ያለን ጥላ የአባየ ባርኔጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ሽቦዋን ግዢ። የባትሪ ድንጋይ እንደሆነ ወረታም ሐሙሲትም ሞልቷል።

አያ እንዳልካቸው ጀልባዋን ሊያዩ መጥተው ነበር። እንደ በሬ ዞሯት፣ ጎኗን ዳሰሱ፣ በእግራቸው ነካ አደረጓት። ጥርሷን ላሳይዎት ወይ አልኳቸው። አባየ ዞር ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው የወፍጮ ድምፅ ነበረው።

ስለ ጫማው ለጠየቅሽኝ፣ ይኸው ሰውመሆን ሞተር አስነሣ፣ ልጨርስልሽ አልቻልኩም።

ደግሞ ትናንት ወረታ ወጥቼ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ የሚጠበሰው ዓሣ ሽታው አስፋልቱን ተሻግሮ ይመጣል። መንገደኛው ሁሉ ከመኪና እየወረደ ይገዛል። እኔ እየጾምኩ ስለሆነ ለሰላምታ ብቻ ነው የቆምኩት። ከጥዋት እስከ ቀትር።

ሰውመሆን ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ እየጠጣ ነው፣ ግን አንዴ ልሰናበትሽ ብያለሁ።

አዛናው


ሐዋሳ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዛናው፣

ባለ ሽቦዋን ገዛሁ። ሰውመሆን ጋቢው ውስጥ ጠቅልሎ ይዟታል፤ ስትቀበለው እንደ ሕፃን አድርገህ ተቀበላት። ሱቁ ጓሮ ባለው የውኃ በርሜል አስሞክረናታል። የበርሜሉን ልክ ነገረችን። መስታወቷ ፀሐይ ላይ እንደሚነበብ ደጅ አውጥቼ ራሴ አይቻለሁ። ተንሳፋፊው ውኃ አይፈራም፣ እጅ ላይ የሚቀረው ግን ይፈራል፣ በላስቲክ ሸፍነው። ጥልቀቱ ከጉልበት በታች ሲሆን ትሳሳታለች፣ አትመናት።

የመስከረም ባል አንድ ነገር ንገሪው ብሎኛል፦ ሥዕሏን ሳይሆን ቁጥሯን ይመን። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፣ አንተ ይገባሃል ብዬም አይደለም።

አደራህን፣ በእሷ ሰው እንዳትሸውድ። ለአባየ ዓሣ እንድትፈልግበት ነው የገዛሁልህ፣ ለሌላ አይደለም።

ጫማውንም ልኬልሃለሁ፣ ቀይ ነው። የባለቤቷን ስም እስክትጽፍልኝ ድረስ ግን የላክሁት ግራውን ብቻ ነው። ቀኙ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ደብዳቤህን ይጠብቃል።

አገኘሁሽ


ናበጋ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

መሣሪያዋ በሰላም ገብታለች። ግራው ጫማም ገብቷል። ሰውመሆን ለማን ነው፣ አንድ እግር ላላት ነው ወይ እያለ ለመናኸሪያው አሰራጨው። በሰላም ያልከረመው እኔ ነኝ፣ እሱንም ሰምተሻል መሰለኝ፣ ምን አደረግህ ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈሽ ልከሽብኛልና። በተራ ልንገርሽ።

በመጀመሪያው ቀን እኔና አባየ ወጣን። ተንሳፋፊዋን ጣልኳት። መስኮቷ ዓሣ በዓሣ ሆነ፣ ጢጥ ጢጥ ማለቷን አላቆም አለች። አባየ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ይቺ ልጄ ትባረክ አሉ። አንቺን ነው። መረቡን ጣልን። ስንጎትተው አልነሣ አለን። ተንበርክከን ሳብነው። የወጣው እንቦጭ ነው እታለም። ከቅጠሉ ሥር እንደ ጢም የተንጠለጠለውን ሥሩን ሁሉ ዓሣ ብላ አሳይታናለች። መሐሉ ላይ አንዲት ቆሮሶ ዓሣ ተወሽቃ ነበር፣ እሷም መንገድ ጠፍቷት የገባች ነው የምትመስለው። አባየ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። እስከ ዳር ድረስ መቅዘፊያውን ለእኔ አልሰጡኝም።

ማኩረፍ እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። ዳሩ ላይ ሰዎች ቆመው ነበር፣ ይህች ምን ታያለች አሉኝ። ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ታያለች አልኳቸው፣ ይኼ እውነት ነው። ሆድስ ቢሆን ውኃ አይደል ወይ፣ በጾም የተበላውንም ታያለች አልኳቸው፣ ይኼ የእኔ ነው። አንዷን ቁልፍ በአውራ ጣት ሲነኳት ጢጥ ትላለች፣ ማንም አያውቅም። መጀመሪያ እየሳቀ የቀረበው የሩዝ መፈልፈያ ያለው አሸናፊ ነው። ተንሳፋፊዋን ሆዱ ላይ አደረግሁ፣ ጢጥ አለች። ማንም ምንም ሳይለው፣ ትናንት እኮ አይደለም፣ ባለፈው ሳምንት ነው አለ። ሌሎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ወዲያ በናበጋ ዳር የሚያልፍ ወንድ ሁሉ ጋቢውን ሆዱ ላይ ደርቦ ነው የሚያልፈው።

በዚህ መሐል አያ እንዳልካቸው ደረሱ፣ በጀልባዋ ዋጋ ሊነጋገሩ። ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ፣ የቆርቆሮ ነገር ታምናላችሁ ብለው ሰዎቹን ገሠጹ፣ ደረታቸውን ነፍተው እስቲ እኔን ትየኝ አሉ። እኔ ማለፍ ነበረብኝ። አውራ ጣቴ ግን አላለፈችም።

ጢጥ አለች። አያ እንዳልካቸው ወደ ሐይቁ እያዩ፣ «ጅራቷን ብቻ ነው» አሉ። «ዘይቱ መብሰሉን ለማየት ብዬ»።

ጀልባዋን ሳያዩ፣ ዋጋም ሳይነጋገሩ ሄዱ። አባየ ገዢውን አዋርደህ አባረርክብኝ አሉ። ቀኑ አልተነሣም፣ ሆሣዕና ሆሣዕና ነው፣ እሳቸው ባይገዙ የሐሙሲት ሰው ይገዛል። የወፍጮ ቤቱም ጆንያ ተቆጥሮ ይጠብቅሃል አሉ።

የነፍስ አባታችን ቄስ ኃይለ ሚካኤልም አስጠሩኝ። እገሠጻለሁ ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። ገሠጹኝም፣ ስለ ውሸቴ ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ግን ስንት ዓመት ንስሐ ግቡ ብዬ ያልመጡልኝ ወንዶች በሁለት ቀን ውስጥ ተሰልፈው መጡ፣ ወገቤ ደከመ አሉኝ። ልወጣ ስል ደግሞ በጋቢ ላይም ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለምን እንደጠየቁ አልጠየቅሁም፣ ስግደቱ እንዳይጨምር።

እታለም፣ ስቀሽ ከጨረስሽ አሁን የምጽፈውን አንብቢ። አፍሬያለሁ። አንቺን ስለ ገንዘብሽ፣ አባየን ስለ ጀልባዋ፣ አያ እንዳልካቸውን ደግሞ ከሁሉ በላይ። ለምን እሳቸውን ከሁሉ በላይ እንደሆነ በሌላ ጊዜ።

ዛሬ ወረታ አልወጣሁም። ነገም የምወጣ አይመስለኝም።

አዛናው


ሐዋሳ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ መቅሰፍት፣

መጀመሪያ ሳቅሁ። እሱን አልደብቅህም። መስከረምም፣ ባሏም፣ የፋብሪካው በር ጠባቂም ስቀናል። አሁን ሆሣዕና እየደረሰ ነው፣ ቀልዱ ይብቃ።

ዓሣ አስጋሪው የሚልህን ስማ። ያቺ መሣሪያ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ዓሣ ይመስላታል፣ ሥር ይሁን ቅጠል ይሁን የአየር አረፋ ይሁን። የዓሣውን ሥዕል የምታጠፋበት ቁልፍ አላት፣ ከላይ በስተቀኝ፣ ረዘም አድርገህ ተጫናት። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ የወለሉ መስመርና የጥልቀቱ ቁጥር ነው። እንቦጩን ትተህ ወደ ውስጥ ቅዘፍ። ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበትን ቦታ ፈልግ። ዓሣ ጉድጓድና ገደል ይወዳል፣ ቀን ሲሞቅ እዚያ ይወርዳል። መስመሩ ላይ ደግሞ ጉብ ጉብ የሚል ነገር ካየህ ግንድ ነው፣ መረብህን እዚያ እንዳትጥል። ቁጥሯን ይመን ያለው ይህን ነው።

አሁን ስለ ሌላው። አያ እንዳልካቸው የቀመሱት ዘይት የማን ዘይት እንደሆነ እዚህ ሐዋሳ ተቀምጬ አውቄዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ የምትጠብስ ልጅ አለቻቸው። ስሟን እኔ አልጽፈውም፣ አንተ ትጽፈዋለህ። ሰላም ለማለት ከጥዋት እስከ ቀትር የሚቆም ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መስከረም እንኳ ገብቷታል።

ስለዚህ አድምጠኝ። አያ እንዳልካቸው ቤት ትሄዳለህ። ጉልበት ትስማለህ። እውነቱን ትነግራቸዋለህ። እግዜር ካለ ይዘሃቸው ጀልባዋ ላይ ውጣ፤ ሊገዟት የነበረችውን ጀልባ ቢያንስ አንድ ቀን ይንሳፈፉባት።

አገኘሁሽ


ናበጋ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም አገኘሁሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የበግ ቆዳ ላይ ተቀምጬ፣ ጠግቤ፣ ማንም ሆዴ ላይ ምንም ሳያደርግብኝ ነው የምጽፍልሽ። ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ አይደለም። ሄድክ ወይ፣ ሳምክ ወይ፣ ጀልባዋስ ብለሽ ሰውመሆንን ስታስጨንቂው ከርመሻል፤ እሱንም እስከ ዛሬ እንዳትናገር ብዬ በዓሣ አፉን ዘግቼዋለሁ።

ሄድኩ። አያ እንዳልካቸው በር አልከፈቱልኝም። መሣሪያዋን ይዘሃል ወይ አሉኝ ከውስጥ። አልያዝኩም አልኩ። ኪስህን አሳይ አሉ። በበሩ ስንጥቅ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ፣ ፍርፋሪ ብቻ ነበረው። ገባሁ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አውራ ጣቴን አውጥቼ ዓሣውን ያየችው ይቺ ናት አልኳቸው። ጣቴን ይዘው ገለባብጠው አዩት። ከዚያ፣ «ታዲያ እኔ ለአውራ ጣትህ ነው የተናዘዝኩት?» አሉ። ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ራሴን ሸፈንኩ። ሳቅ ነበር እታለም። ከጓዳ በኩልም አንድ ሌላ ሳቅ ነበር፣ ስለ እሱ በኋላ።

በማግስቱ በጥዋት፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዳሩ ላይ ከእኔ ቀድመው ደረሱ። አባየ ደግሞ አላይም ብለው ሩዝ ማሳው ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። እኔ ቀዘፍኩ፣ አያ እንዳልካቸው ቁጥሩን እንደ ዳዊት እየደገሙ አነበቡልኝ። ሥዕሉን አጥፍተነዋል። ሁለት ሜትር አሉ። ሁለት። ሁለት። ሰለቻቸው መሰለኝ አዛጉ። ከዚያ አምስት ብለው ጮኹ፣ ስድስት። ትንሽ ስቀዝፍ ተመልሶ ሁለት ሆነ። ወደ ኋላ መለስኳት፣ ስድስት። እንደ ቦይ ነው፣ ጠባብና ረጅም። ርብ ወንዝ መንገዱን ሳይቀይር ወደ ሐይቁ ይገባበት የነበረው አሮጌው ቦዩ መሆን አለበት፣ ከውኃው ሥር ተኝቶ ኖሯል፣ እኛ በላዩ ስንመላለስ። በሁለቱም ዳር ቀርከሃ ተከልንበት። ጉብ ጉብ የሚለውን ቦታ ዘለልነው። መረቡን ከቦዩ ጎን ጎን አወረድነው።

ስለ ወጣው ዓሣ ብዛት አልነግርሽም፣ ዋሸ ትያለሽ። ጀልባዋ ከንፈሯ ውኃውን እየነካ ነው የገባችው ልበልሽ ብቻ። ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው። መረቡ አንድ ቀዳዳ አልነበረበትም። አባየ ከማሳው ጫፍ ተነሥተው መጡ፣ ዓሣውን ትተው መረቡን በእጃቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። የሚጠገን ነገር አጡ። እጃቸውን ምን ላድርገው ብለው ወገባቸው ላይ አደረጉት። በማግስቱም ወጣን፣ በሳልስቱም። ዓሣ ገዝቶ የሚጭነው ባለ በረዶው መኪናም ከባሕር ዳር ተመልሶ መጣ።

ያም ሆኖ አባየን ታውቂያቸዋለሽ። አንዴ ከአፋቸው የወጣ ቃል አይመለስም። ለአያ እንዳልካቸው እሸጥልዎታለሁ ብዬ ነበር፣ ሳሳፍራቸው አልኖርም አሉ። ሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ መልስ፣ ዘንባባው ገና ግንባራቸው ላይ እንደታሰረ፣ ሁለቱን መቅዘፊያዎች ተሸክመው አያ እንዳልካቸው ደጅ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። እግሬ ወደ አንበሳሜ የሚሄድ ነው የመሰለኝ። አባየ መቅዘፊያዎቹን አስቀምጠው ይኸው ጀልባዎት አሉ።

አያ እንዳልካቸው መቅዘፊያዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ጀልባዋን ያለ ልጁ አልፈልጋትም። ልጁንም ያለ ጀልባዋ አልፈልገውም።»

አባየ ትንሽ አሰቡና፣ «ልጁን እንኳ በነጻ የሚወስድልኝ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት» አሉ።

በዚያው ሽያጩ ቀረ፣ መቅዘፊያዎቹም ወደ ቤታችን ተመለሱ። እኔ ነኝ የተሸከምኳቸው፣ እንዲህ ቀለውኝ አያውቁም። ጀልባዋ የእኛ ናት፣ አያ እንዳልካቸው ቁጥር አንባቢ ሆነዋል፣ ሣሩን በአህያ ያመላልሱ። ወፍጮ ቤቱ ሌላ ሰው ይፈልግ።

እሳቸው ያሉት እንግዲህ ለሥራ ነው። ከኋላቸው በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከጓዳም ሰምቼዋለሁ፣ መናኸሪያም ሰምቼዋለሁ። ስሟን እስክጽፍልሽ ቀኙን አትልኪም አይደል። ይኸው፦ እየሩስ እንዳልካቸው። ከሳምንታት ጀምሮ ልጽፈው እየሞከርኩ ሰውመሆን ሞተር ሲያስነሣብኝ ነው የከረመው። አባየም አያ እንዳልካቸውም ገና በወጉ አያውቁም። ታውቃለች ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አዎ ታውቃለች።

ወንድምሽ
አዛናው


ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድማለም፣

ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት። መስከረም እልል ስትል አለቃችን ማሽን ተቃጠለ ወይ ብሎ ሮጦ መጣ።

ለቄስ ኃይለ ሚካኤል የተላከውን ለብቻው ጽፌ በዚሁ አስገብቻለሁ፣ አትክፈተው። ለአባየ ምን ብዬ እንደጻፍኩም አትጠይቅ። አንተ ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱና እስኪመለሱ ድረስ ከማንም ሆድ እጅህን ሰብስብ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ለልደታ ማግስት እመጣለሁ። ቀኙን ራሴ ይዤ እመጣለሁ፣ ሰውመሆንን አላምነውም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። አንተ የእናታችንን ጫማ ቁጥር እንኳ የማታውቅ ሰው የሰው ሴት ልጅ እግር 37 መሆኑን እንዴት አወቅህ?

አገኘሁሽ


ናበጋ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ምን ጽፈሽላቸው እንደሆነ አላውቅም እንጂ አባየ ደብዳቤሽን ካነበቡ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ቀን አዲሱን ጋቢያቸውን አስወጡ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል፣ አባየና አሸናፊ በጥዋት ሄደው አያ እንዳልካቸው ደጅ ቆሙ። ለምን መጣችሁ ሲባሉ፣ ልጅ ልንለምን ነው ብለው ጀመሩ። እኔ እንደ ወጉ አልነበርኩም። የሰማሁት ከአሸናፊ ነው፣ እሱም ከአጥሩ ውጭ ተደብቄ ባልሰማሁ ኖሮ ይጨምርበት ነበር።

አያ እንዳልካቸው ለወጉ ያህል አስቆሟቸው፣ ለወጉ ያህል ዘመድ ላማክር ብለው ወደ ጓዳ ገብተው ወጡ። ከዚያ ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ። አንድ ነገር ብቻ አስያዙ። በሠርጉ ቀን ያቺ መሣሪያ ጀልባዋ ላይ ታስራ ትዋል፣ ልጁም አውራ ጣቱን በኪሱ ይዞ ይግባ አሉ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከሁሉ ቀድመው ይሁን አሉ።

አሁን የጫማውን ነገር ልንገርሽ፣ ሌላ ለማን እነግራለሁ። ታኅሣሥ ላይ ዓሣ ልትወስድ እኛ ዳር መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገብታ ነበር። የእግሯ ምልክት እዚያው ቀረ። ማንም እንዳይረግጠው እሾህ አጠርኩበት። ጥር ላይ ሲደርቅልኝ በሲባጎ ለክቼ፣ ሲባጎውን ወረታ ወስጄ ከጫማ ጋር አመሳስዬ 37 አልኩ። በጣም ብልህ መስዬ ታየሁኝ።

ትናንት ግራውን ሰጠኋት። ተረከዟ ከኋላ ወጥቶ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የእኛ ጥቁር ዋልካ አፈር ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ፣ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ እንደሚሆን የፎገራ ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ ከብቶቻችን እግራቸውን የሚሰብሩበት እኮ ነው። ሐይቅ ሥር ያለ ቦይ ያገኘሁ ሰው ዓይኔ ሥር ያለ ጭቃ ሸወደኝ። ስለዚህ ቀኙን አታምጪ። ይቺ እላዬ ላይ ቆማ የምጽፈውን እያነበበች እየሳቀች ነው፣ እስክሪብቶውን

እትዬ አገኘሁሽ፣ ጤና ይስጥልኝ። እየሩስ ነኝ። እስክሪብቶውን ቀምቼው ነው። ቁጥሬ 38 ነው። ቢጠይቀኝ እኮ እነግረው ነበር።